የአኬሎ የክር አልጋ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ወደ ባሮ ወንዝ ከሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ስለ ዶሮ ክርክር ከተነሳ የሚቋጨው በአኬሎ ቃል ነው። አኬሎ እንዲህ አለች ከተባለ አለቀ። የዕለት ሥራዋ በቤተ ክርስቲያኗ መዋዕለ ሕፃናት ጽዳት ነው፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጇ ኦቻን አቦቦ ወረዳ ያስተምራል። ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ የሚቀበሏት ዶሮዎቿ ብቻ ናቸው። እሷም ታወራቸዋለች፤ በአኙዋክኛ ትመክራቸዋለች፣ ሲያስቸግሯት ግን በአማርኛ ትቆጣቸዋለች። አማርኛ ለቁጣ ይመቻል ትላለች።

ስሟን ያስጠራችላት ቀይዋ ዶሮ ናት። በዚያ ሙቀት የሌላው ሰው ዶሮ ታቅፋ ታቅፋ ግማሹን እንቁላል አበላሽታ ስትነሳ፣ ቀይዋ ከአሥራ ሁለቱ አሥራ ሁለቱንም ትፈለፍላለች። ምስጢሩ አልጋው ነው ትል ነበር አኬሎ። ሣር ቅንቅን ያመጣል፣ ስለዚህ ሣር አታነጥፍም። ከገበያ የእርዳታ እህል የመጣበትን ማዳበሪያ ትገዛና ክሩን አንድ በአንድ ትተረትረዋለች፤ በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ አሮጌ ሳፋ ውስጥ ጎዝጉዛ እንቁላሉን ታስቀምጥበታለች። ነጩ ክር መሃል ሰማያዊ ጣል ጣል ብሎበት ሲታይ፣ እውነትም ለሙሽራ የተነጠፈ ይመስል ነበር።

የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየመጣ አየ፣ ተማረ፣ ሄዶ ሠራ። የመጀመሪያዋ አጥሯን የምትጋራት ሰውዳ ናት። ሰውዳና ባሏ ሱሌማን ከጅማ መጥተው ሱቅ ከከፈቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሰውዳ በኋላ ስድስት ቤት ተከተለ። አኬሎ በየቤቱ እየዞረች፣ ክሩ ሲሳሳ ጨምሩበት፣ ሲቆሽሽ እጠቡት እያለች ታርማለች። እንግዲህ እውነቱን እናውራ፤ አኬሎ ምስጋና ትወዳለች። ማን ይጠላል?

ባለፈው የካቲት ከታች ካለው ቤት አንዲት ዶሮ ሞተች። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤቱ ሌላ ሞተች። ሰፈሩ ወዲያው ፈንግል ነው አለ። ፈንግል የገባበት ሰፈር ዶሮ አይተርፍለትም፤ ሰዉም ቁጭ ብሎ አያይም፣ ሳይሞቱ በፊት አርዶ ይጨርሳቸዋል። ሱሌማንም ያሉንን ስምንቱን ልረድ አለ። ሰውዳ ግን ቆይ፣ አስቀድመን የኦቻንን እናት እንጠይቅ ብላ በአጥሩ በኩል ጠራቻት። አኬሎ የሞቱትን ዶሮዎች በዓይኗ አላየችም። አላየሁም ማለት ግን ለእሷ ከባድ ነው። ፈንግል ሳይሆን አይቀርም አለች። ሱሌማን እንግዲያው ነገ ከሰዓት እጨርሳቸዋለሁ አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጭብጥ ማሽላ ይዛ ስትወጣ፣ ስድስት ቀን የታቀፈችው ቀይዋ ከሳፋው ወርዳ አንገቷን እየዘረጋች ቆማ ጠበቀቻት። ማሽላውን አየችው፣ አልነካችውም። አኬሎ ብድግ አድርጋ ጉሮሮዋ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳሰሰች። ዶሮ ማታ የበላችው ሌሊቱን ወደ ሆዷ ስለሚወርድ፣ ያ ከረጢት ጠዋት ባዶ መሆን አለበት። የቀይዋ ግን አብጦ፣ እንደ ጠጣር ሊጥ ድርቅ ብሏል። አፏም ኮምጣጣ ይሸታል።

አኬሎ ፈራች። ዱሮ እንዲህ የሆነችባትን አንዲት ዶሮ፣ ሰው እንደመከራት ዘቅዝቃ ጨምቃት፣ የወጣው ፈሳሽ በመተንፈሻዋ ገብቶ እጇ ላይ ሞታባታለች። አሁን አልዘቀዘቀችም። ጥቂት ዘይት በጣቷ አቅምሳ ከረጢቱን ቀስ እያለች አሸችው። አልሟሟም። እንቁላሎቹን ወደ ሌላ የታቀፈች ዶሮ ሥር አሸጋግራ፣ ቀይዋን በቅርጫት ይዛ፣ ከሥራ አስፈቅዳ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄደች።

ባለሙያው ኦጅዋክ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው የዘመድ ልጅ ነው። ዳሰሰና ይሄ በመታሸት አይወጣም፣ መክፈት ነው አላት። ላባውን ነጨ፣ ማደንዘዣ ወጋ፣ ቆዳውንና ከረጢቱን በጥቂቱ ቀደደ። ከዚያ በመቆንጠጫ መጎተት ጀመረ። የሚወጣው እህል አልነበረም። እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ የሸተተ፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል የክር ድብልብል ነበር። ነጭ፣ መሃሉ ሰማያዊ ጣል ጣል ያለበት።

ኦጅዋክ እየሰፋ አስረዳት። የታቀፈች ዶሮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ስለምትውል አጠገቧ ያለውን ትለቅማለች፤ ረጅም ሣርም ሆነ ክር ከገባ እህሉን ይዞ ይቋጠራል፣ ከዚያ በኋላ የምትበላው ሁሉ እዚያው ይቦካል። ፈንግል ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው አንገታቸው ይጠማዘዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል፣ ሰፈሩን በአንድ ሳምንት ያጸዳዋል። ከሰፈራችሁ ሁለት ዶሮ መጥቶልኝ ነበር፣ ሞተው ነው የደረሱኝ፣ ባለቤቶቹ ሳይጠብቁ ከሄዱ በኋላ ከፍቼ ሳያቸው የእነሱም ከረጢት እንዲሁ ነበር አለ። ክሩን ከየት እንዳመጡት ጠየቃት። አኬሎ ቅርጫቱን ታስተካክል ጀመር።

ቀይዋ ልትድንም ላትድንም ትችላለች፤ ለጥቂት ቀን ለስለስ ያለ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ፣ ውኃ እንደልብ ተባለ። አኬሎ ቀይዋን በቅርጫት ይዛ፣ ድብልብሉን በላስቲክ ቋጥራ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ያ ላስቲክ ከበዳት። ኦጅዋክ የሰፈሩ ሰው አይደለም። ሰፈሩ ፈንግል ብሎ ጨርሷል። ሱሌማን ያርዳል፣ ሌላውም ያርዳል፣ እሷም ክሩን ሰው ሳያይ በየቤቱ ትሰበስባለች፤ በሚቀጥለው ዓመትም አኬሎ አለች ከተባለ አለቀ። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ጥሩ ሰው ስለሆነች አላሰበችውም ብዬ አልዋሽም። አፍራ ነበር፣ በጣም አፍራ ነበር።

ሰፈር ስትደርስ የሰውዳ በር ገርበብ ብሏል። ግቢው ውስጥ ውኃ በድስት ተጥዷል። ሱሌማን ቢላውን ስሎ አስቀምጦ የመጀመሪያዋን ዶሮ በክንፏ ይዟል። ሰውዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳለች፤ ዶሮዎቹን በየስማቸው ነው የምትጠራቸው።

አኬሎ ገባችና ላስቲኩን ፈትታ መሬት ላይ ዘረገፈችው።

«ሱሌማን፣ ልቀቃት» አለች። «ፈንግል አይደለም። ከቀይዋ ጉሮሮ ነው የወጣው። የታች ቤቶቹንም የገደላቸው ይሄው ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ። ትናንት ፈንግል ያልኩትም ሳላይ ነው።»

ሱሌማን ዶሮዋን እንደያዘ ክሩን አየ፣ አኬሎን አየ። አንድ ቃል ቢናገራት ይሻላት ነበር። ሰውዳ ወደ ቆጡ ሄደች፣ አልጋውን ከነሳፋው አወጣችና ቁጭ ብላ ክሩን በእጇ ትለቅም ጀመር። አኬሎ ቆማ ቀረች። ሂጂ እስክትባል ነበር የምትጠብቀው።

ሱሌማን ዶሮዋን ለቀቃት። ሰውዳ ሳፋውን ባዶ እስኪሆን ለቅማ ለቅማ፣ ወደ ጎረቤቷ ገፋ አደረገችው።

«የኦቻን እናት፣ ታዲያ አሁን ምን እናንጥፍላቸው?»

አኬሎ ልትመልስ አፏን ከፈተች፣ ግን ለቅሶ ቀደማት። አጠገቧ ቁጭ አለች። «አላውቅም» አለች። «ነገ አብረን ሄደን ኦጅዋክን እንጠይቀው።»