በመሳቢያ የተቆለፈው ነብር

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማው ንገር፦ ጡረተኛው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ኮው ዌንሹ፣ በቻይናዋ ሉዎያንግ ከተማ አሮጌ ሰፈር የሦስተኛ ፎቅ ጌታ፣ የአንድ መሳቢያና የአንድ ቁልፍ ባለቤት፣ ማንም ፍጡር ክታቦቹን ላብ ባለበት እጁ እንዳይነካ አዟል።

አዋጁን የሰማችው ሚስቱ ሚያዎ ብቻ ናት። እሷም ሩዝ በቅጠል እየጠቀለለች ስለነበር ቀና አላለችም።

ክታቦቹ እንደ ድሮ ሳንቲም መሀላቸው የተበሳ ነሐስ ናቸው፤ ጨው አይገዙም፣ ክፉ ይመልሳሉ። የሌሊት ወፍ ያለበት ለሲሳይ፣ ዓሣ ያለበት ለጥጋብ። የኮው ነፍስ ግን በአንዱ ላይ ናት፦ በአንድ ገጹ ነብር፣ በሌላው እባብ፣ ጊንጥና ቢጤዎቻቸው። በአምስተኛው ወር በዓል መርዝ እንዳይደርስበት ሕፃን አንገት ላይ በቀይ ክር ይታሰራል። ኮው ዘንድ ነብሩ በጥጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ጠባቂው ጠባቂ ተቀጥሮለታል።

"አንተ ሽማግሌ፣" አለች ሚያዎ፣ "ለበዓሉ የመጣው የልጅ ልጅህ ብርዱን ሙሉ ሲያስል ከረመ። ነገ በዓል ነው፤ ነብሩን እሰርለት።"

"አረንጓዴው ዝገት ይለቃል።"

"እንግዲያው ዝገትህን ታቅፈህ እደር።"

ኮው ክርክር ሰልችቶታል። ነብሩን ኪሱ ከቶ፣ ሙገሳ ፍለጋ እንደ እሱው ክታብ ሰብሳቢ ወደሆነው ጓደኛው ወደ ዣን ወረደ።

ዣን ክታቡን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። "ወንድሜ፣ እውነተኛ ነው። የነብሩ አፍንጫ በመታሸት ብዛት ለስልሷል፤ ቀዳዳውን ክር በልቶታል። አስመሳይ ነሐሱን ቀብሮ ያዝገዋል፤ የሕፃናት ደረት ያሸውን ግን ከየት ያመጣል? አንተ እጅ ከገባ ወዲህ ነው ሥራ የፈታው።"

"ንብረቴ እኮ ነው።"

"ማን የአንተ አይደለም አለህ? እኛ ሰብሳቢዎች ሐኪሙን አስረን ጤና አለን የምንል ነን።"

ኮው ነብሩን ኪሱ መለሰ። ከመንገድ ዳር ቀይ ክር ገዛ፣ ክታቡ ውስጥ አስገባ፣ በየፎቁ እየተነፈሰ ወጣ። በሩ ላይ ለበዓሉ ክፉ እንዲያርቅ የጭቁኝ ቅጠል ተንጠልጥሏል። ቤቱ ጭር ብሏል።

"ልጁን አተኮሰው፤ ምራትህ በዓሉን ሳትጠብቅ በባቡር ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች፣" አለች ሚያዎ። "ባዶ ክር አሰርኩለት።"

"ክር ገዝቼ ነበር።"

"ክርማ እኔም ነበረኝ።"

ኮው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ነብሩ መዳፉ ውስጥ ላብ ጠጣ፤ አዋጁን የሚያስከብርበት ጉልበት ግን አልቀረውም።

አንተም አንባቢው፣ በኮው ስቀህ ከሆነ ጥሩ፤ አሁን ግን ይህን ወረቀት አስቀምጥና፣ ያንን የምታውቀውን መሳቢያ ከፍተህ፣ እዚያ ያስተኛኸውን ነገር እስቲ ለዚያ ለሚያስለው ባቡሩ ሳይሄድ እሰርለት።