አባቴ ሞተሩን ያጠበ ጊዜ

ሐኪሞቹ እናቴን «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» ብለው ሊያሰናብቷት በወሰኑ ጊዜ፣ አባቴ አሮጌዋን መኪናችንን ሞተሯን ሳይቀር በውሃ አጠባት። በማግስቱ እናቴን ልናመጣ ስንነሳ፣ ገና ከሰፈር ሳንርቅ ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር።

አባቴ ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመዶች በጨርቅ እየያዘ አንድ በአንድ ይነቅልና ይመልስ ገባ። ሌሎቹ ሲነቀሉ የሞተሩ ድምፅ ይብሱን ይደክማል፤ የመጨረሻው ሲነቀል ግን ምንም አልተለወጠም።

«የማይሠራው ይኸ ነው» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ካንዴላው የተተከለበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል።

«ሞተሩን ማጠብ ምን አስፈለገህ፣ አባዬ?»

«በቆሸሸ መኪና ትምጣልኝ? ይልቅ አድርቂ፤ የተማርሽ አይደለሽ?»

በሻርፔ ጫፍ አደረቅሁት፤ ሞተሩም ተስተካከለ።

ስንመለስ፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፎች ሥር ቤታችን ብቅ ሲል፣ አባቴ ዳገቱ ላይ መኪናዋን አቆመ።

«ደግሞ ተበላሸች?» አለች እናቴ ከኋላ ወንበር።

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ግባ እንጂ! እንግዳ ነኝ እንዴ?»

አባቴ እጁን ማርሹ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ቤት ከገባን በኋላ ከመጠበቅ በቀር የምናደርግላት ነገር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።