ጋሼ ሙሔ በግራ የቆሙ ዕለት

ቆይ ቆይ፣ ይቺን ሳልነግራችሁማ አልሄድም። ስንት ቀን ሙሉ አፌ ላይ ይዣት ነው የምዞረው። የጋሼ ሙሔ ወሬ ናት። ሜልቦርን፣ ሰንሻይን ሰፈር ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ የማታውቋቸው ደግሞ አሁን ትተዋወቃላችሁ።

ጋሼ ሙሔ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ሜልቦርን ከገቡ አስራ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር ያኔ። ላቨርተን ኖርዝ የሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያቺን የዕቃ ማንሻ፣ ይነዳሉ። ፎርክሊፍት ነው ያልኩት፣ መኪና አላልኩም። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሶስት ጊዜ ወድቀው፣ "ተዉት፣ መኪና ሰው ያሰንፋል" ብለው ነገሩን ዘጉት።

ታዲያ መኪና የሌለው ሰው ምን ይሆናል? የትራም ሊቅ ይሆናል። እሳቸውም ሆኑ። አዲስ ሰው ከሀገር ቤት በመጣ ቁጥር፣ አንድ ሁለት ቀን ተኝቶ ሲነሳ ለጋሼ ሙሔ ይሰጣል። ሰንሻይን ጣቢያ ይቀጥሩታል፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ከተው ይመጣሉ፣ በባቡር ከተማ መሃል ይወስዱትና ትራም ላይ ያወጡታል።

"ገና እግርህ ሲገባ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ብለው ይጠይቁታል።

"ወንበር እፈልጋለሁ" ካለ አለቀለት።

"ወንበር ኋላ። መጀመሪያ ቲኬትህን፣ ሜትካርድህን፣ ያቺ አረንጓዴ ማሽን ውስጥ ከተህ ቫሊዴት ታደርጋለህ፣ ታትምበታለች። ኢንስፔክተር ቢመጣ ልብህ አይመታም።"

ደግሞ የደወሏን ገመድ ያሳዩታል፤ መውረጃህ ሳይደርስ አንዴ ሳብ፣ ሁለቴ አትሳብ፣ ሹፌሩ ይናደዳል። ከሁሉ በላይ የሚወዷት ግን የመጨረሻዋን ትምህርት ነው። መንገድ ዳር ያቆሙትና፣ "ፊትህን ወደምትሄድበት አዙር። በግራህ ያለው ማቆሚያ ላይ ቁም። አለቀ፣ ማንንም አትጠይቅ፣ ትራሙ ራሱ ይወስድሃል" ይሉታል። እንዲህ ተምሮ የጠፋ ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸውም በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠፍተው፣ አንድ ቀን ተቀጥተው አያውቁም። ኢንስፔክተር ሲገባ ሳይጠየቁ ካርዳቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ሳያያቸው ካለፈ ደግሞ ቅር ይላቸዋል።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ነው። ጋሼ ሙሔ፣ አብዱልራህማን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ ፈረንሳይ ሀገር፣ ስትራስቡርግ የሚባል አሮጌ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር። ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደውሎላቸው፣ "ሙሔ፣ እኔ ባልኖር ሰልሳቢልን አንተ ነህ የምትድራት" አላቸው። ሰልሳቢል አንዲት ልጁ ናት። "አንተው ራስህ ትድራታለህ፣ ዝም በል" አሉት። ሳይድራት ሞተ።

ይኸው በሞተ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው በሁለት ሺህ ሰባት፣ ሰልሳቢል ሪድዋን የሚባል ልጅ ልታገባ ሆነ። በኛ በሙስሊሞቹ፣ አባት ከሌለ፣ ወንድምም ከሌለ፣ የአባት ወንድም ነው ወሊ የሚሆነው። ኒካሁ ሲታሰር የሙሽራውን እጅ ጨብጦ "ድሬልሃለሁ" የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሙሔ ከመጋዘኑ የሶስት ሳምንት እረፍት ጠየቁና ቲኬት ቆረጡ።

ከመሄዳቸው በፊት ጋሼ ስዩም ጋር ተገናኙ። ጋሼ ስዩም ጡረታ የወጡ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ ከጋሼ ሙሔ ጋር ሳይነካኩ ውለው አያውቁም።

"ፈረንሳይኛ አትችል፣ እዚያ ሄደህ ብትጠፋ ማን ይፈልግሃል?" አሏቸው።

"ትራም አላቸው ወይ?"

"አላቸው አሉ።"

"እንግዲያው ቋንቋ ምን ያደርግልኛል።"

"እሺ፣ ካልጠፋህ፣ እዚያ ከተማ አንድ ትልቅ ካቴድራል አለ፣ ፎቶውን አንሳልኝ። አንተም ፊት ለፊቱ ቆመህ ትታይ፣ ከፖስትካርድ ነው የገለበጠው እንዳልል።"

ጋሼ ሙሔ ቃል ገቡ።

ስትራስቡርግ የገቡት ከኒካሁ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ነው። የወንድማቸው ሚስት ኸይሪያ ቤት አረፉ፣ ቤቷ ከተማው ዳር፣ የትራሙ መስመር የሚያልቅበት ጋ ነው። ኒካሁ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ እዚያው ቤት ሊታሰር ተቀጠረ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ሙሔ ካሜራቸውን አንግተው ብድግ አሉ።

"ሙሔ፣ ዛሬ ነው እንዴ ካቴድራል የምታየው?" አለቻቸው ኸይሪያ።

"እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጬ ድስት ልቁጠር? ለስዩም ቃል አለብኝ።"

"በቃ ሪድዋን በመኪና ያድርስህ።"

"ሙሽራ እንዴት ሹፌር ይሆናል። ደግሞስ እኔ በመኪና? ትራም ባለበት ሀገር?"

ኸይሪያ ሳቀች፣ አውቃቸዋለች። ማቆሚያው ድረስ ሸኘቻቸው። ሁለት ቲኬት ገዝታ፣ አንዱን መሬት ላይ የተተከለ ማሽን ውስጥ ከትታ አወጣችና፣ "ይሄ ለመሄጃ፣ ይሄ ለመመለሻ" ብላ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሙሔ ይሄኔ የት ነበሩ? ትራሙን እያዩ። መስታወቱ ከወለል እስከ ጣራ ነው፣ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ዓሣ ይታያል። ማሽኗን አላዩም። ትራሙም ከዚያ የሚነሳው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ ግራ ቀኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ውስጥ ገብተው ገመድ ፈለጉ፣ የለም። ትራሙ ግን እያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ራሱ ይቆማል። ካቴድራሉ አጠገብ ወረዱና፣ "ይሄማ ከሜልቦርን ይቀላል" አሉ ለራሳቸው።

ካቴድራሉ ቀይ ድንጋይ ነው፣ ጫፉን ለማየት ኮፍያህን መያዝ አለብህ። ሠላሳ ፎቶ አነሱ። አንዲት ቱሪስት ደግሞ እሳቸውን ፊት ለፊቱ አቁማ አነሳችላቸው። እንጨታቸው ከውጭ የሚታይ ያዘመሙ ቤቶች መሃል ዞር ዞር አሉ፣ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ በቂ ነው ብለው ወደ ማቆሚያው ተመለሱ።

እዚያ ጋ ነው እንግዲህ ነገሩ። ፊታቸውን በመጡበት በኩል ወደ ኸይሪያ ቤት አዞሩ። በግራቸው ባለው ማቆሚያ ላይ ቆሙ። ማንንም አልጠየቁም። ትራም መጣ፣ ገቡ።

ገብተው መጀመሪያ ምን አደረጉ? ማሽኗን ፈለጉ። የለችም። ቲኬታቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ትራሙን ከፊት እስከ ኋላ፣ ከኋላ እስከ ፊት ተመላለሱበት። ብስክሌት የያዘ ልጅ ሁለት ጊዜ አሳለፋቸው። ልባቸው መታ፣ በቃ ኢንስፔክተር አሁን ሊገባ ነው። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ አዘነችላቸውና በመስታወቱ ወደ ውጭ፣ ማቆሚያው ላይ ወደ ተተከለው ማሽን ጠቆመቻቸው። ለካ እዚህ ሀገር ቫሊዴት የሚደረገው ሳይገባ ነው። በሚቀጥለው ማቆሚያ ዘለው ወረዱ፣ ቲኬቱን ከተቱት። ማሽኗ ትንሽ ድምፅ ብቻ ስላሰማች አላመኗትም፣ ደግመው ከተቱት። ከዚያ በዚያው አቅጣጫ የሚሄደውን ቀጣይ ትራም ይዘው፣ ሕጋዊ ሰው ሆነው፣ ተደላድለው ተቀመጡ።

ትራሙ ሄደ። ጠዋት ያላዩት ድልድይ መጣ። ጠዋት ያላዩት ወንዝ መጣ። "የቅዳሜ መንገዱ በሌላ በኩል ይሆናል" አሉ፣ ሜልቦርንም ግንባታ ሲኖር እንደዚያ ነውና። ከዚያ ዛፍ በዛ፣ ቤት አነሰ። ትራሙ ቆመ፣ ሰው ሁሉ ወረደ፣ ሹፌሩ ቦርሳውን ይዞ ወደ ሌላኛው ጫፍ መራመድ ጀመረ። ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ኸይሪያ ጋ ቢደውሉ ሪድዋን በመኪና ይመጣል። ሙሽራው ልብሱን ለብሶ ወሊውን ፍለጋ ሲዞር ታያችሁ? ጋሼ ሙሔም ታያቸው። ስልካቸውን አወጡና ሰንሻይን፣ ሳጂዳ ጋ ደወሉ። ሳጂዳ የአስራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ናት። እዚያ መሽቷል፣ እሷ ግን ከኮምፒውተር ላይ የምትነሳ አይደለችም። ያው የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፣ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

"ሳጂ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ነሽ?"

"አዎ። ኒካሁ አለቀ?"

"አላለቀም። አንድ ነገር እይልኝ። ለናትሽ ግን እንዳትነግሪ።"

"አባዬ፣ ጠፋህ እንዴ?"

"አልጠፋሁም። የት እንደሆንኩ ነው ያላወቅኩት።"

ማቆሚያው ላይ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነበቡላት። ጽፋ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገችው።

"አባዬ፣ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነህ። የነ ሰልሳቢል ቤት ደግሞ በዚያኛው መጨረሻ ነው።"

"እኔ እኮ በትክክል ነው የተሳፈርኩት።"

"በየት በኩል ቆመህ?"

"በግራ ነዋ። በየት ልቆም ኖሯል?"

"ፈረንሳይ እኮ በቀኝ ነው የሚነዳው።"

ጋሼ ሙሔ ዞረው ሐዲዱን አዩ። እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም። "ኮምቦልቻም እኮ በቀኝ ነው። አንተ ራስህ ነህ የነገርከኝ።"

እውነቷን ነው። ሰውዬው ግማሽ ዕድሜያቸውን በቀኝ የሚሄድ መኪና እያዩ ነው የኖሩት። አስራ ስድስት ዓመት ሜልቦርን ግን ያንን ሁሉ ከጭንቅላታቸው ጠርጎ አውጥቶታል።

"አሁን እዚያው የቆመው ትራም ነው የሚመለሰው፣ እሱ ላይ ውጣ" አለቻቸው። "መጀመሪያ ግን ውጭ ቫሊዴት አድርግ። ደግሞ ገመድ አትፈልግ፣ የለም።"

"እሱን እንኳ ደርሼበታለሁ" አሉ፣ ትንሽ ክብር ለማትረፍ። ለሶስተኛ ጊዜ ቲኬቱን ከተቱትና ገቡ።

መንገዱ ረዘመባቸው። ተነስቶ ይቆማል፣ ተነስቶ ይቆማል። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ገና ብዙ ማቆሚያ ይቀራል። ስልኩ ጮኸ፣ ኸይሪያ ናት።

"ሙሔ፣ የት ነህ?"

"ትራም ውስጥ።"

"ሰው ሁሉ ተቀምጦ አንተን ይጠብቃል። ኢማሙ ሌላ ከተማ ሌላ ኒካህ አለበት፣ ከስምንት ሰዓት ተኩል በላይ አልቆይም ይላል። በስልክ ውክልና ይስጠኝና እኔ ልተካው ነው የሚለው። ይፈቀዳል አለ።"

ጋሼ ሙሔ በመስታወቱ ወደ ውጭ አዩ። ቢፈቅዱ ኒካሁ ይታሰራል፣ ማንም አይወቅሳቸውም። የአብዱልራህማን ድምፅ ግን ጆሯቸው ላይ ነው። አንተ ነህ የምትድራት ነው ያለው፣ ኢማሙ ነው አላለም።

"ለኢማሙ ንገሪልኝ" አሉ። "እኔ ከሜልቦርን የመጣሁት ስልክ ለመደወል አይደለም። ስልክማ ሰንሻይንም አለ። እደርሳለሁ በይው።"

ከዚያ በኋላ አልተቀመጡም። አምስት ማቆሚያ ሲቀር በሩ ጋ ሄደው ቆሙ። በሩ ሲከፈት ሃምሳ አራት ዓመታቸውን ረስተው ሮጡ፣ ካሜራው ደረታቸውን እየመታቸው። ሊፍቱን አልጠበቁም፣ ሶስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጡ። ሲገቡ ኢማሙ በሩ ጋ ነው፣ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከቶ ሌላውን ጫማ እየፈለገ። ሰልሳቢል ከውስጥ ክፍል በር ላይ ቆማ አየቻቸው። መጣችና የሶላት ኮፍያቸውን ከኪሳቸው አውጥታ ጭንቅላታቸው ላይ አደረገችላቸው።

ኢማሙ ጫማውን አወለቀ። ጋሼ ሙሔ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ተቀመጡ፣ የሪድዋንን እጅ ጨበጡ፣ ኢማሙ እያስባላቸው የአብዱልራህማንን ልጅ ዳሩ። ድምፃቸው አንዴ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ ከሩጫው መሰለው፣ ይምሰለው።

ግን ቲኬቱስ? ያ ሶስት ጊዜ የታተመበት ቲኬት ከትራሙ ጀምሮ መዳፋቸው ውስጥ ነበር፣ ኢንስፔክተር ቢመጣ ብለው። ሲጨባበጡ ሪድዋን እጅ ውስጥ ገባ። ሪድዋን አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፣ የወሎ ባህል መስሎት ዝም ብሎ ተቀብሎ በክብር ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ምግብ ሲበላ ነው አውጥቶ ያሳየው።

"ጋሼ፣ ይሄን ምን እናድርገው?" አላቸው።

ጋሼ ሙሔ አዩት፣ አዩት፣ መካድ አልቻሉም። "ያዙት" አሉ። "ሶስቴ ቫሊዴት ተደርጓል።"

ሜልቦርን ሲመለሱ ደግሞ ሳጂዳ ለናቷ ብቻ አልነገረችም፣ እናቷም ለአንድ ሰው ብቻ አልነገረችም። ጋሼ ስዩም የካቴድራሉን ፎቶ ተቀብለው አገላብጠው አዩና፣ "ጥሩ ነው። አንተ በየት በኩል ነው የቆምከው፣ በግራ ነው በቀኝ?" አሏቸው።

የኒካሁ ፎቶ አሁን ሰንሻይን ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፣ ሰልሳቢል ናት የላከችው። ማዕዘኑ ላይ ያቺን ቲኬት ሰክታበታለች።

እሳቸው ማስተማራቸውን አልተዉም። ባለፈው ደግሞ ደበላ የሚባል አዲስ የመጣ ልጅ ተሰጥቷቸው ከተማ መሃል ይዘውት ወጡ። ሜትካርዱን አሳዩት፣ ገመዷን አሳዩት፣ ከዚያ መንገድ ዳር አቁመው ፊቱን አዞሩትና፣ "በግራህ ቁም" አሉት።

"ሁልጊዜ?" አላቸው ደበላ።

ጋሼ ሙሔ ትንሽ አሰቡ። "እዚህ ሀገር" አሉ።

እናንተስ? የማታውቁት ከተማ ውስጥ በማይሆነው በኩል ቆማችሁ የተሳፈራችሁት የት ነው፣ ማን ጋስ ደውላችሁ ነው የዳናችሁት?