ቁጭ ብላ የምታዳምጥ አሠልጣኝ

ሙሉዬ ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ አዲስ ገቢዎችን ታሠለጥን ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት እሷ ስትቀጠር ያሠለጠናት ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ገባሽ?" ይላት ነበር፤ እሷም ሳይገባት "ገባኝ" ትላለች። በሦስተኛው ቀን መርፌው ጣቷን ወጋት። አሠልጣኝ ስትሆን ማንንም እንዲህ ላታሠለጥን ለራሷ ቃል ገባች።

ባለፈው መስከረም ሃሴት የምትባል የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከከተማዋ ዳር ካለችው ከቱላ መጣች። የምትሰፋው ኪስ ሁሉ ይጣመማል፤ ፈትታ ብትደግመውም ያው ነው። የመስመሩ ኃላፊ አቶ ግዛቸው ሳምንት እንኳ አልታገሡም።

"ተያት ይቺን ልጅ። ለስፌት የተፈጠረ እጅ የላትም።"

ሙሉዬ የሃሴትን ማሽን አጠፋች። በርጩማ ስባ ከጎኗ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"ምኑ ላይ ነው የሚያስቸግርሽ?" አለቻትና ጠበቀች።

ልጅቷ ቃል ፈለገች። አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛው ቶሎ አይመጣላትም። ሙሉዬ ቃል ልታቀብላት ፈልጋ ዋጥ አደረገችው። ይኼኔ የልጅቷ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ሽርጧ ሥር ሲገባ አየች።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

ሙሉዬ ከበርጩማው አልተነሣችም።

"ግራኝ ነኝ" አለች ሃሴት በመጨረሻ። "እቤት ይመቱኝ ነበር። እዚህም እንዳታባርሩኝ ብዬ በቀኝ እየሞከርኩ ነው።"

አቶ ግዛቸው መጥተው ከበላያቸው ቆሙ።

"እዚህ የሚሰፋው ሸሚዝ ነው እንጂ ወሬ አይደለም። ተነሺ።"

"ነግራኝ ስትጨርስ እነሣለሁ።"

"ተነሺ አልኩሽ!"

"እርስዎን ሰምቻለሁ፣ አቶ ግዛቸው። አሁን እሷን እየሰማሁ ነው።"

ዓይኗን ከልጅቷ ፊት አላነሣችም። ሃሴት ሁሉንም ነገረቻት። ከዚያ ለግራ እጇ እንዲመች የጨርቁን ክምር አዛወሩ፣ መብራቱን አዞሩ፤ ልጅቷም በግራዋ እየመራች መስፋት ጀመረች። በሳምንቱ ኪሱ ቀጥ አለላት።

ለሙሉዬ ግን ከአቶ ግዛቸው ጋር በተነጋገሩ ማግሥት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ ጥፋቷ በሥራ ሰዓት ማሽን አጥፍቶ መቀመጥ ነው ይላል። ፈረመች። ከፊርማዋ በታች "እውነት ነው፤ ነገም እቀመጣለሁ" ብላ ጻፈችበት። ከአሠልጣኝነት አንሥተው ወደ ስፌት መለሷት። ያን ቀን አለቀሰች፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን አይደለም።

አሁን በምሳ ሰዓት ግራ የገባቸው አዳዲስ ልጆች ሳህናቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ይመጣሉ፤ የከበዳቸውን ቁጭ ብላ ትሰማለች። አማርኛ ለቸገራቸው ሃሴት ትተረጉምላቸዋለች። አስተዳደሩ ጠርቶ "ይሄ ሥራሽ አይደለም" አላት።

"ምሳዬን ከማን ጋር እንደምበላ የምወስነው እኔ ነኝ" አለችና ልጆቹ ወደሚጠብቋት ሄደች።