ያልታተሙት ስድስት ገጾች

ይህን ለእናቴ አልነገርሁም። ለባሌም፣ ለቤተ እስራኤል ቄሳችንም አልነገርሁም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር የቻልሁት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

የምኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው። ሜታፔሌት ነኝ፤ በየቤቱ እየዞርሁ አዛውንቶችን አስታምማለሁ። ልጆቻቸው እጄን ይዘው ያመሰግኑኛል፣ ልብሽ ደግ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ደግነትን አይቻታለሁ፤ ምን እንዳደረግኋትም አውቃለሁ።

ጻባ የምንለውን የግዴታ ውትድርና ጨርሼ የወታደር ልብሴን ካስረከብሁ በኋላ፣ እንደ ብዙ እኩዮቼ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄድሁ። ጃፓን ውስጥ ሺኮኩ በምትባል ደሴት ሰማንያ ስምንት የቡድሃ ቤተ መቅደሶችን የሚያገናኝ መንገድ አለ፤ ተሳላሚዎች በእግራቸው ይዞሩታል። ሃይማኖቱ የእኔ አይደለም። መራመድ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ልሄድ ተነሣሁ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝና አንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ላይ ወደቅሁ።

ያነሡኝ እማማ ሚቺኮ ናቸው፤ ነጭ የተሳላሚ ልብስ የለበሱ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሴት። መንገድ ዳር ካለ የእንግዳ ማረፊያ አስገቡኝ። አንድ ገበሬ በጭነት መኪናው ሐኪም ዘንድ አደረሰኝ፤ የሳንባ ምች ነበር። የማረፊያው ባለቤት ቀጭን የሩዝ አጥሚት እየሠራች ታመጣልኛለች። ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ጎረቤቶች መንደሪን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። እማማ ሚቺኮ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልተነሡም። ላቤን ጠረጉ። ፀጉሬን ፈትተው አበጠሩ፤ እንደኔ ያለ ፀጉር ነክተው ስለማያውቁ እንዳያሳምሙኝ እየፈሩ፣ ቀስ እያሉ።

የምናወራው በስልኬ ተርጓሚ ነበር። ባላቸው ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ እህታቸው ለጥቂት ቀን ስትረከባቸው፣ እሳቸው ከመንገዱ አንድ ቁራጭ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሄዱ። በየቤተ መቅደሱ፣ በያዙት ደብተር አንድ ገጽ ላይ በቀለም ይጻፍላቸዋል፣ ማኅተም ይደረግላቸዋል። የሞላው ደብተር፣ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ላይ ይቀመጣል፤ ለነፍስ መንገድ ያቀናል ብለው ያምናሉ። ስድስት ገጽ ቀርቷቸው ነበር። ለስድስቱ ያቆዩዋቸው ቀኖች እኔን ሲያስታምሙ አለቁ።

ሊመለሱ ሲሉ ማንም ሳይጠይቀኝ እኔ ተናገርሁ። «የቀሩትን ስድስቱን እኔ እሄድልዎታለሁ» አልኋቸው። ደብተሩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ ለእኔ።

አልሄድሁም። አንዱንም አልሄድሁም። ሁለት ቀን አርፌ ስነሣ ጓደኞቼ ከአንድ ባሕር ዳርቻ ጻፉልኝ፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ሞቄ እመለሳለሁ ብዬ ሄድሁ። ሦስቱ ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። የመመለሻዬ ቀን ደረሰና ደብተሩን በሻንጣዬ ይዤ አሽዶድ ገባሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ስንፍና ባልሁት። ልጃቸው ስለ እናቷ ሆና ጻፈችልኝ፤ ጤናዬን ጠየቁ እንጂ ደብተሩን አላነሡም። እኔ በእጄ ረጅም ደብዳቤ መለስሁ። የስድስቱን ቤተ መቅደሶች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እያየሁ፣ የአንዱ ደረጃ እንዴት እንዳደከመኝ፣ የሌላው ግቢ ዛፍ ምን እንደሚሸት፣ በመጨረሻው ቆሜ ስማቸውን እንደጠራሁ ጻፍሁ። ደብተሩን ለብቻው በፖስታ ልኬዋለሁ አልሁ። ባዶውን እንዴት ልላከው? አልደረሰም ሲሉኝ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል አልሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ልጄን ላዳነች ብላ ሰፍታ በፖስታ የላከችው ሌማት እዚያው ቤት በሰላም ደርሷል። ልብ አላሉም ይሆን? ወይስ ልብ ብለው ዝም አሉ? የጻፉልኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ስለ ደብተሩ አትዘኚ። በደካማ እግርሽ ሄደሽልኛል። አመሰግንሻለሁ።»

እሳቸው እኔን አመሰገኑ።

ከዚያ ወዲህ ትኬት ቆርጬ ሄጄ ገጾቹን ማስሞላት እችል ነበር። ለዕረፍት ሁለት ጊዜ ግሪክ ሄጃለሁ።

ባለፈው በጋ፣ የማስታምማቸውን አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር ባሕር ዳር እየገፋሁ ሳለ የእማማ ሚቺኮ ልጅ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። እናቷ ዐርፈዋል። ደብተር ስላልነበራቸው፣ አለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ደረታቸው ላይ ያንቺን ደብዳቤ አደረግንላቸው፤ እንደ ልማዳችን አስከሬናቸው ሲቃጠል አብሯቸው ተቃጠለ። ደጋግማ አመሰገነችኝ። አሮጊቷ ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ንፋሱ ነው አልኋቸው።

እናቴ ዛሬም ሻባት ሲገባ «ልጄን ላዳነች ዕድሜ ስጥልኝ» ትላለች። መሞታቸውን እንኳ አልነገርኋትም።

በአስተሰርዮ ቀን ጾሜ እቆማለሁ። ሰውን የበደለ፣ ያንኑ ሰው ይቅርታ ሳይለምን ከፈጣሪ ምሕረት እንደማያገኝ ተምረናል። እኔ ማንን ልለምን? ለልጃቸው እውነቱን ብነግራት የእናቷን መጨረሻ ማበላሸት አይሆንም? ይህም ሰበብ ነው። ዝም ያልሁት ለእሷ አዝኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ታምሜ ነበር አልልም፤ ድኜ ነበር። ልጅ ነበርሁ አልልም፤ አገር አምኖ ጠመንጃ ያስያዘኝ ሴት ነበርሁ። ይቅር በሉኝም አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። እማማ ሚቺኮ ውሸቴን ደረታቸው ላይ ይዘው ነው የሄዱት። የጻፍሁት እኔ ነኝ።