ሁምቦ ላይ የሚጠፋው ሞተር

ሶርሳ ሶዶ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በመካኒክነት ሠርቷል። የመሥሪያ ቤት መኪና ሲበላሽ የምርመራ ወረቀቱን የሚፈርመው እሱ ነበር። እሱ «ደኅና ነው» ያለውን መኪና ደግሞ ማንም አይጠራጠርም።

በ1999 ዓ.ም. በጋ የአንድ የውሃ ፕሮጀክት አሮጌ ፒክአፕ ሁምቦ ቆላ ስትደርስ ሞተሯ እየጠፋ መቆም ጀመረች። ሾፌሩ ቦልቴ ቁልፍ ቢያዞር አትነሳም። ተጎትታ ሶዶ ትገባለች፤ በማግስቱ ጠዋት ሶርሳ ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ትነሳለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

«ቦልቴ፣ መኪናዋ አንተን ነው እንዴ የጠላችው?» አለው ሶርሳ።

«አንተ ሳቅ። ሲሞቅ ነው የሚጠፋው እያልኩህ ነው። እስቲ ሁምቦ ይዘሃት ውረድ።»

«ሞተር አገር አይመርጥም፣ ወንድሜ።»

አልወረደም። «ሞተሩ ብልሽት የለበትም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። የፕሮጀክቱ ቢሮ ወረቀቱን ይዞ፣ ሾፌሩ ቤንዚን ለመሸጥ ሆን ብሎ መንገድ ላይ ያቆማታል አለ። ቦልቴ ተባረረ። እሱና ሶርሳ አብረው የሚያመልኩባት ቤተ ክርስቲያንም ከሽማግሌነት አነሳችው።

ቦልቴ በተባረረ በሁለተኛው ወር አዲሱ ሾፌር እሸቴም ሁምቦ ላይ ቆመ። እሸቴ የቢሮው ኃላፊ የእህት ልጅ ስለሆነ ስለ ቤንዚን የጠየቀው የለም። ሶርሳ ተጠርቶ ወረደ።

ቀትር ነበር፤ ኮፈኑ እጅ ያቃጥላል። ቤንዚን አለ፣ ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም። ሶርሳ ከሞተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ክራንክ ሴንሰሩን አየ። ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ሞተሩ የቱ ጋ እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የምትናገረው እሷ ናት፤ እሷ ዝም ካለች እሳት የለም። የዓመታት ሙቀት ፕላስቲኳን ሰንጥቆታል፣ ዘይት ገብቶባታል። ውስጧ የተጠመጠመው የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰባት። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ተነሳ።

ሶርሳ ጥፋቱ የሴንሰሯ እንጂ የቦልቴ አይደለም የሚል ሌላ ወረቀት ጽፎ ለቢሮው ኃላፊ ወሰደ።

«የመጀመሪያው ፊርማ የማን ነው?» አሉት።

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የቱን ልመን? ሾፌር ደግሞ ቀጥረናል።» ወረቀቱን መለሱለት።

ወደ ቦልቴ ቤት ሄደ። ቦልቴ በር ላይ እንደቆመ አነበበው።

«እሑድ ጉባኤው ፊት ታነበዋለህ?»

ሶርሳ መሬት መሬት አየ። መኪና የሚልኩለት የቢሮ ኃላፊዎች ግማሾቹ የሚቀመጡት እዚያው ነው።

«ለአንተ ልተውልህ፤ አንተ አንብበው።»

«ሌባ ሲያነብ ማን ይሰማል?»

እሑድ ሶርሳ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ቦልቴ በክረምቱ ቤተሰቡን ይዞ ገሱባ ገባ፤ እዚያ የሰው የአህያ ጋሪ ይነዳል።