ጋሽ ውባየሁና ካፖርት የለበሰው በግ

በጉ በጎኑ ቆሟል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ግን እኔን ያያሉ። አንድ ጆሮ፣ አንድ ቀንድ፣ ሁለት ዓይን። ላዩ ላይ ደግሞ ካፖርት ለብሷል። ይህን በእጅ የተሳለ መጽሐፍ ያገኘሁት ሞላሌ፣ አንድ ትምህርት ቤት የሕፃናቱ ኦ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራዬ ሱፐርቫይዘርነት ነው፣ መቀመጫዬም መሐል ሜዳ። የመጣሁት የክፍሉን ወንበርና ጣሪያ ለማየት ነበር፤ እሱን ሁሉ ትቼ በጉ ላይ ተተከልኩ። የማያገባኝን መጠየቅ አመሌ ነው፤ ሚስቴም ተናግራ ተናግራ ትታዋለች።

«ይኼን ማን ነው የሳለው?» አልኳት መምህርቷን ትርሲትን።

«ጋሽ ውባየሁ ናቸው። ልጆቹ ገና አላዩትም፤ ነገ ጠዋት ነው የማነብላቸው።»

«ሰውየው በግ አይተው አያውቁም እንዴ?»

ትርሲት ሳቋን ዋጠች። «ለምን ሄደው አይጠይቋቸውም? ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው» አለችኝ። መንዝ ተቀምጦ በግ የማያውቅ ሰው ካለ በእውነትም ማየት ፈለግሁ። የመሐል ሜዳው ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ዝም ብዬ አሳለፍኩት።

ጋሽ ውባየሁን ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የሚከረክሙ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ስለ በጉ ስጠይቃቸው አልተቀየሙኝም። «ቁጭ በል፤ ነገሩ ከበጉ አይጀምርም» አሉኝ።

የተወለዱት ግሼ ነው። በዲቁና ሳሉ ቤተ ክርስቲያን የሚስሉ አጎታቸውን ተከትለው ወጡ። መጀመሪያ የመላእክት ክንፍ ብቻ ነበር የሚቀቡት፤ ላባ በላባ ላይ፣ ላባ በላባ ላይ። ፊት እንዲነኩ የተፈቀደላቸው ጢም ካበቀሉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ መርሐቤቴ ድረስ በእግርም በበቅሎም እየዞሩ የስንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሞልተዋል። ሲስሉ ይጾማሉ። ሥዕሉ አልቆ መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ እልል ብሎ ይሳለማል፤ እሳቸው ከኋላ ቆመው ያያሉ።

አሁን ግን የታተመ ሥዕል ከአዲስ አበባ በጥቅል እየመጣ ባንድ ቀን ተለጥፎ ያድራል። የሚጠራቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አልቀየሩም፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ስለ ማን ግድግዳ ማንን እንደምቆጣ ሳላውቅ ተናደድኩ።

ትርሲት የመጣችባቸው በዚያ ሰሞን ነው። ለኦ ክፍል ከከተማ የተላኩ የሥዕል መጻሕፍት ነበሯት፣ የሚያስቁ የተባሉ። አንዱ ውስጥ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ወፍ አለ፤ ሌላው ውስጥ ኬክ የሰረቀች ዝሆን። ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጣሉ፤ አንድም የሚስቅ የለም። መጽሐፍ ላይ መሳቅ ነውር ይመስላቸዋል፤ ቤታቸው ያለው መጽሐፍ ዳዊት ነውና። ስለዚህ ራሷ አንድ ተረት ጻፈች፤ በየገጹ አንድ አጭር አረፍተ ነገር ብቻ፣ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ የሚሆን። ጸጉሩን የተሸለተ በግ ይበርደዋል። የባለቤቱን የጋሼ መኳንንትን ካፖርት ለብሶ ገበያ ይወጣል። ሰው ሁሉ ጋሼ መኳንንት መስሎት እጅ ይነሳዋል፤ በጉም ለሁሉም «ባአአ!» ብሎ ይመልሳል። ወደ እሳቸው የመጣችው ሥዕሉን እንዲሠሩላት ነው።

«ቅዱሳን ስስል ኖሬ አሁን በእርጅናዬ የበግ ቀልድ ልሳል?» ብለው ነበር ጋሽ ውባየሁ።

ሚስታቸው እማማ አየለች ከጓዳ ሆነው መለሱላቸው። «ቅዱሳኑ አልጠሩህም፤ በጉ ጠርቶሃል። ተነሥና ሂድ!»

ተነሡ። ግን ለራሳቸው አንድ ነገር ወሰኑ። «ልጆቹ ከሳቁ እጄ ገና አልሞተም ማለት ነው። ካልሳቁ ብሩሾቼን እሳት ውስጥ እከታቸዋለሁ አልኩ» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም፤ እማማ አየለችም «እውነት ነው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከአሁኑ በፊት የሳሉትን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አወጡልኝ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ በግ ተስሎ አላየሁም። ገበያተኛው ሁሉ ፊቱን ወደ አንባቢው መልሶ በትልልቅ ዓይኖች ያያል፤ በጉ ብቻ በጎን፣ በግ ሜዳ ላይ እንደሚታየው፣ በአንዲት ዓይኑ አሻግሮ ይመለከታል።

«ቆንጆ ነው እኮ!» አልኩ።

«ልጆቹ አለቀሱ።»

«ለምን?»

ጋሽ ውባየሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ያኔ ገባኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁሉ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሃል፤ በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚያሳይ ክፉ ነው፤ ሄሮድስ ነው፣ ጌታን የሸጠው ነው፣ ሰይጣን ነው። የመንዝ እናት ልጇን አዝላ እየዞረች በጣቷ የምታሳየው ይህንኑ ነው። ሞላሌ ላይ ደግሞ የምታሳየው ሥዕል የጋሽ ውባየሁ ነው። ራሳቸው ያስተማሩትን ረስተው፣ ካፖርት የለበሰ አንድ ዓይና ለሕፃናት አቀረቡላቸው! የሚያስቀው ተረት ልጆቹ ጆሮ ሲደርስ ሰይጣን ካፖርት ለብሶ ገበያተኛውን የሚያታልልበት ታሪክ ሆነ። ሳሌም የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብታ «ቄሱ ለምን አያማትቡበትም?» እያለች ጮኸች።

እኔ ሳቄ መጣብኝ። እሳቸው አልሳቁም።

«ያን ቀን ብሩሾቹን ይዤ እምድጃው ድረስ ሄጃለሁ» አሉ። «አየለች ምድጃው ፊት ቆመች። ቢያንስ የልጆቹን እንባ ጥረግ፣ ከዚያ ታቃጥላለህ አለችኝ።»

በጉን ፊት ለፊት ለመሳል ሞከሩ፤ አፍንጫው ጠፋና ያኮረፈ ዲያቆን መሰለ። በጎን ደግሞ ሰይጣን ነው። የግቢያቸውን በግ ይዘው ወዲህ ወዲያ እያዞሩ ሲመለከቱ ሰነበቱ። በመጨረሻ በጎኑ አቁመው ሁለቱንም ዓይን በአንድ ወገን ሰጡት። «በግ እንዲህ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉኝ። «አጎቴ ቢያዩኝ በብሩሹ እጀታ ይመቱኝ ነበር።»

እዚያው ሞላሌ አደርኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ትርሲት አዲሱን መጽሐፍ ከፈተች። ጋሽ ውባየሁ ክፍል አልገባም ብለው በውጭ በኩል መስኮቱ ሥር ቆሙ። እኔ ከኋላ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ላይ ደርሶ ተቀምጫለሁ። ከልጆቹ ይልቅ መስኮቱን ነበር የማየው፤ የሰውየው ግንባርና ነጠላ ብቻ ይታያል።

አንደኛው ገጽ፤ ጸጥ። ሁለተኛው፤ ጸጥ። ሳሌም ተነሥታ ሄደችና ጣቷን በጉ ላይ አድርጋ ዓይኑን ቆጠረች። «ሁለት ነው» በሚል ለሌሎቹ ራሷን ነቅንቃ ተመልሳ ተቀመጠች። ትርሲት ገለጠች። አንዲት አሮጊት ለበጉ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ።

«እንደምን አደሩ፣ ጋሼ መኳንንት?» አለች ትርሲት በአሮጊት ድምፅ።

«ባአአ!»

አንድ ልጅ አፉን በእጁ ያዘ። አጠገቡ ያለው አፈትልኮት ሳቀ። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በየገጹ «ባአአ!» የሚሉት ራሳቸው ሆኑ፤ የትርሲት ድምፅ አልተሰማም። ቀና ስል ጋሽ ውባየሁ መስኮቱ ላይ የሉም፤ በሩ ላይ ናቸው፣ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ።

ንባቡ አለቀ፤ ትርሲት መጽሐፉን ዘጋች። ይህን ጊዜ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ተነሥተው ተሰለፉ። ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ተነቦ ሲያበቃ መጽሐፉን መሳለም ነው የሚያውቁት። የመጀመሪያው ልጅ ካፖርት የለበሰውን በግ ግንባሩን አስነክቶ ሳመው። ሁለተኛውም ሳመው።

«ኧረ ተዉ! ኧረ ልጆቼ፣ በግ ነው!» ብለው ጋሽ ውባየሁ እጃቸውን እያወናጨፉ ገቡ። «አይሳለሙትም! በግ ነው!»

«እናውቃለን» አለች ሳሌም ተራዋን ሳትለቅ፤ በጉን አፍንጫው ላይ ሳመችው። ቀና ብላም ጠየቀቻቸው። «ጋሼ፣ ከገበያ ሲመለስ የት ሄደ?»

ጋሽ ውባየሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳሉት ሁሉ ፍጻሜው የታወቀ ነበር፤ ከዚያስ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የእኔም እንደዚያው። ከሳሌም አጠገብ ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«አላውቅም» አሏት። «አንቺስ የት ሄደ ትያለሽ?»

«ወደ ቀየት፣ ለቅሶ ሊደርስ።»

ጋሽ ውባየሁ ዞር ብለው ትርሲትን እርሳስና ወረቀት ጠየቋት።